ሰው ያልሞተበት ለቅሶ

አትላንታ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለኤልፍነሽ ነው። ቀን ቀን ኤርፖርት አጠገብ ፓርኪንግ ትሠራለች፤ ለቅሶ ከተጠራች ግን ሺፍቷን ለሰው ሰጥታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች። ሟቹን ባታውቀውም ግድ የላትም። በሰው ለቅሶ የራሷን ታለቅሳለች፤ ያስቀየማትን ሰው ሁሉ ስሙን ሳትጠራ በሙሾ ትሸነቁጠዋለች። እኔ ጎረቤቷ ዘሪቱም ቀምሼዋለሁና አውቃለሁ።

ልጇ ገሊላ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች ይባላል እንጂ ልቧ ፊልም ላይ ነው። እነዚያን የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ፊልሞች፣ ልጅ የሚገደልባቸውን፣ እናት የምታነባባቸውን፣ ቪዲዮ እየተከራየች አይታ ጨርሳቸዋለች። አንዱ እዚሁ አትላንታ ሲቀረጽ ተወዳድራ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘች። በጥይት የተገደለው ወጣት እጮኛ ናት፤ ፍታቱ ላይ ተነሥታ «ከዚህ ሰፈር ላወጣሽ ነው ብሎኝ ነበር» ትላለች። በቃ። ይህቺን ብቻ ሻወር ቤት ገብታ ስትለማመድ ከርማ እናቷም እኔም በቃላችን ያዝናት።

ፍታቱ የሚቀረጽበትን ቤተ ክርስቲያን የሚሞላ ሰው ተፈልጎ እኛንም ወሰደችን። መኪና ውስጥ «እማዬ፣ ፕሊስ፣ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ። አክቲንግ ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም» አለቻት።

«እኔ ምን አገባኝ» አለች ኤልፍነሽ።

ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የተኛው ልጅ በየመሀሉ እየተነሣ ለስላሳ ይጠጣል። የሟች እናት የሆነችው ተዋናይ የዓይኗን ጫፍ በመሐረብ ነካ ነካ ታደርጋለች። ኤልፍነሽ ጠጋ ብላ «ኩሏ እንዳይጠፋ ፈርታ ነው» አለችኝ። አንዱን ነገር ደጋግመው ቀረጹት። ምሳው የተጠበሰ ዶሮ፣ እኛ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ላይ፤ ውኃ ጠጥተን ዋልን። ገሊላ ተራዋን ስትጠብቅ በሩ ሥር እንደቆመች ናት።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ሰዓት አልቋል፣ የገሊላ ነገር ይቅር፣ ሕዝቡን አንዴ ቀርጸን እንውጣ አለ። 

ካሜራው መቅረጽ እንደጀመረ ኤልፍነሽ ብድግ አለች። ደረቷን እየመታች፦

«የተኛውስ ይተኛ፣ መች ደከመው እግር፣
ቆማ የዋለችው ልጄ ትናገር።»

ቤቱ ተናወጠ። ያቺ ኩሏን ስትጠብቅ የዋለችው እናት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሟቹ ራሱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ዳይሬክተሩ አፍንጫውን እየጠረገ ምን እያለች ነው ብሎ ጠየቀ። ገሊላ ዓይኗን በጨው አጥባ «የልጁን ደግነት ነው የምታወራው» አለችው።

ከቅርብ ይቀረጽ፣ ትድገመው አለ። ኤልፍነሽ ግን ቁጭ ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ልጄ ካልተናገረች አላለቅስም በይው።»

«በእኛ ባህል እጮኛዋ ሳትናገር አይለቀስም» ብላ ገሊላ ተረጎመችለት። ሰውየው ምን ያድርግ፣ እሺ አለ። ገሊላ ተነሣች፣ ኤልፍነሽም ተነሣች፣ ተቀረጸ፣ ደስ ብሎን ወደ ሰፈራችን ወደ ሎረንስቪል ነዳን።

ፊልሙ በዓመቱ ወጣ። ኤልፍነሽ ወሬውን ስለነዛችው የሲኒማው የኋላ ወንበር በሙሉ በሐበሻ ተያዘ። ያ ቦታ ሲደርስ ገሊላ ስክሪኑን ሞልታ ታየች። እንባዋ ሞልቷል፣ ታምራለች። አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የኤልፍነሽ ድምፅ እንደ መብረቅ ወረደ፦ «ቆማ የዋለችው ልጄ ትናገር።» የልጅቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ቃሏ አንዷም አልተሰማች።

ከፊት አሜሪካኖቹ ይነፋረቃሉ። ከኋላ እኛ አፋችንን በነጠላ አፍነን በሳቅ ልንሞት ነው። ገሊላ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች። ኤልፍነሽ በደስታ እያነባች ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት።

«አየሽ» አለቻት፣ «እኔ ባልጮህልሽ ማን ያናግርሽ ነበር።»