የአባባ ወልዴ አውራ ጣት

ሐሙስ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ የአማርኛ መምህራችን ስሜን ሲጠሩ፣ አርፍደሻል ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። «የሚቀጥለውን የግድግዳ ጋዜጣ የጉዞ ማስታወሻ የምትጽፈው የዘጠነኛ ቢዋ ትዕግሥት ናት» አሉ። ሰልፉ አጨበጨበ። ቀጥሎ በነበረው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ምን እንደተማርን እስካሁን አላውቅም። እኔ አምና ድርሰት ጻፊ ስባል «ምን ብዬ?» የምል ልጅ ነበርኩ። ያየሁትን እንዳየሁት ብጽፈው ሰው እንደሚያነበው የገባኝ በቅርቡ ነው። አሁን ደግሞ ሙሉ ገጽ ተሰጠኝ!

ችግሩ፣ ገጽ እንጂ ጉዞ አልነበረኝም። ማታ ይህንኑ ለአባቴ ስነግረው ሳቀና ከቁም ሳጥኑ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወረደ።

«ጉዞ አገኘሁልሽ» አለኝ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ወልዴ ከቴፒ አልፎ በእግር በሚኬድበት አንድ መንደር ቡና ያለማሉ። የመንደሩ ቡና ሁሌ የሚሸጠው ለአንድ ሀብታም ነጋዴ ነው። መጋዘኑ የእሱ፣ አይሱዙው የእሱ፣ ዋጋ ቆራጩም እሱ። ዘንድሮ ሠላሳ አባወራዎች በማኅበር ተደራጅተው ቡናቸውን አብረው ለመሸጥ ተስማሙ። ለዚህ ባንክ ሂሳብ መክፈት ያስፈልጋል፤ ሂሳቡን ለመክፈት ደግሞ ሁሉም በማኅበሩ ሰነድ ላይ የጣት አሻራ ማኖር አለባቸው። አባባ ወልዴ እምቢ አሉ። እሳቸው እምቢ ሲሉ የተቀሩትም «ወልዴ ካላኖረ እኛም» አሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ቢጨንቀው ሰነዱን እኛ እስከምንኖርበት ሚዛን ከተማ ይዞ መጥቶ ለአባቴ ሰጠው።

«እኔን አይሰማኝም» አለ አባቴ። «አንቺን ግን ይወዳል። ቡናው እየቀላ ነው። ሂሳቡ በዚህ ወር ካልተከፈተ ዘንድሮም ያው መጋዘን ነው የሚገባው። ጣቱን አስነክተሽ ነይ።»

ቀላል ነገር መሰለኝ።

አርብ፤ ከሚዛን እስከ ቴፒ

ምሳ በልቼ መናኸሪያ ደረስኩ። ታሪፉ ሃያ አምስት ብር ነው፤ ሠላሳ ተቀበሉን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን፤ ከሞላም በኋላ ሦስት ሰው ተጨመረ። አጠገቤ የዝንጅብል ጆንያ የያዘች ሴት ነበረች። ጆንያው ግማሹ በእሷ ግማሹ በእኔ ጭን ላይ ሆኖ ነው ቴፒ የገባነው።

መንገዱ ጭቃ ነው። ሸኮ ስንደርስ በመስኮት አንድ እጅ ሙዝ በሁለት ብር ገዛሁ። ከሸኮ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጉሙ ወደ ኋላ ይቀርና ሙቀቱ ይቀበላችኋል። ጫካው በሁለቱም በኩል ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን በስተግራ የሽቦ አጥር ጀመረ።

«ይሄ አጥር እስኪያልቅ አንድ ሙዝ ትበያለሽ» አለችኝ ሴትየዋ። እኔ ሁለት በላሁ።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የባለሀብት።»

«ስሙ ማነው?»

«ባለሀብት ነዋ ስሙ። ሌላ ስሙን ብናውቅማ እንሰድበው ነበር።»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ሳይጠየቁ ገቡበት። «ባንኩ ለእሱ ብር በመኪና ነው የሚጭንለት። እኔ በሬ መግዣ ብድር ብጠይቅ ዋስ አምጣ አሉኝ። ዋሴ በሬው ነው ብላቸው፣ በሬው የታለ አሉኝ።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሁሉም ይህን ወሬ ከዚህ በፊት ሰምቶት እንደደከመው ያስታውቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጎማችን ጭቃ ውስጥ ሰጠመና ወርደን ገፋን። ቴፒ ስደርስ ጫማዬ ጫማ አይመስልም ነበር።

ያደርኩት አክስቴ አልማዝ ዘንድ ነው። የአባቴ እህት ናት፤ ገበያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። የመጣሁበትን ስነግራት ብርጭቆ ማጠቡን አቆመች።

«የወልዴን ጣት?» አለች። «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ይህን ሳላይማ አልቀርም።»

ቅዳሜ፤ ጣታቸውን ያሰሩ ሰዎች

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ነው። አንድ ወንዝ በግንድ ድልድይ ተሻገርን፤ አክስቴ ቀጥ ብላ፣ እኔ በአራት እግሬ። ከወንዙ ማዶ መንገዱ ከሌላ የሽቦ አጥር ጋር ይሄዳል። ከአጥሩ ወዲህ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ቡናው ቀልቷል።

መንደሩ ስንገባ አንድ ነገር ታዘብኩ። በራቸው ላይ ቆመው ሰላም ያሉን ሰው አውራ ጣታቸው በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ቀጥሎ ያገኘናቸው ሁለት ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። አራተኛው ሰውዬ እንዲያውም ፊት ለፊታችን ቆሞ በጥርሱ እየጎተተ ያስር ነበር።

«እታባ፣ እዚህ አገር የጣት በሽታ ገብቷል እንዴ?» አልኳት አክስቴን።

«ፌስታልሽ ከሩቅ ታየ» አለች ሳቋን እያፈነች። «ወረቀት የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ይታመማሉ።»

አባባ ወልዴ ደጃፋቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። የእሳቸው አውራ ጣት በእንሰት ቃጫ ነው የታሰረው፤ በደንብ፣ እስከ አንጓው። ግንባሬን ሳሙኝ፣ አደግሽ አሉኝ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። እስክጠግብ ድረስ ስለ ፌስታሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ጣትዎ ምን ሆነ አባባ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ቆሰለ።»

«በምን?»

«በወረቀት።»

ከዚያ ነገሩኝ። አማርኛ የተማሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ስለሆነ ቃሉን ቀስ ብለው እየመረጡ ነው የሚናገሩት። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው በነጭ መኪና መጣ። መብራት ሊገባ ነው፣ የሚፈልግ ጣቱን ያኑር አለ። መንደሩ ተሰለፈ። አባባ ወልዴ ሽማግሌ ናቸውና ፊት ሆኑ። «ጥሩ እንዲወጣ ጠበቅ አድርጌ ነው የተጫንኩት» አሉ። ከክረምቱ በኋላ አጥሩ መጣ። ለካ ወረቀቱ የወንዙን ዳር ጫካ ለልማት ለቀናል የሚል ኖሯል። የአባባ ወልዴ የንብ ቀፎ የተሰቀለባቸው አሥራ አንድ ዛፎች በአጥሩ ውስጥ ቀሩ።

«መብራቱስ?» አልኩ።

«ገብቷል። አጥሩ በር ላይ።»

በጨርቅ ጣታቸውን ያሰሩት የመጀመሪያው ሰው፣ ጎረቤታቸው አቶ ከበደ፣ ተከትለውን መጥተው ነበር። «ባንክም ያው ነው» አሉ። «እኔ አምና አስቀመጥኩ። ብሬን ስሰጥ ሁሉም ደህና ነበር። ላወጣ ስሄድ ሲስተም የለም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ስሄድም የለም። እኔ በስድሳ ዓመቴ በየቀኑ ሥራ እገባለሁ፤ ይሄ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ግን ደሞዙን እየበላ ይቀራል።»

«ያ ባለ አጥር ሲሄድ ግን ሲስተም አለ» አሉ አባባ ወልዴ።

እኔ ግን በራሴ ተማምኛለሁ። ሰልፉ ያጨበጨበልኝ እኮ ከትናንት ወዲያ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና «ይሄኛው ሌላ ነው አባባ፤ ለእናንተው ነው። እዚህ ጋ ብቻ ይንኩ» አልኩ።

«ምን ይላል?»

«ማኅበር ስለማቋቋም፣ ሂሳብ ስለመክፈት…»

«እሱን ነግረውኛል። ወረቀቱ ምን ይላል?»

ሦስት ገጽ ነው፤ አላነበብኩትም።

«አባትሽ አንብቦታል?»

እሱንም አላውቅም። ያ ነጭ መኪና ይዞ የመጣው ሰውም እንደኔው «እዚህ ጋ ብቻ» ሳይል አልቀረም።

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አክስቴ አልማዝ እየተከተለች በሸኮ ቋንቋ ትተረጉማለች። ሰው አንድ በአንድ መጣ። እናቶች ልጅ አዝለው ከአጥር ውጭ ቆሙ። አንዳንዱ አንቀጽ ለእኔም አይገባኝም፤ ያኔ ሁለቴ አነበዋለሁ። አንቀጽ ሰባትን ግን ቀላል ስለነበር በፍጥነት አለፍኩት፦ «ከማኅበሩ ሂሳብ ገንዘብ ወጪ የሚሆነው በሰብሳቢው ፊርማ ብቻ ነው።»

«ብቻ?» አሉ አቶ ከበደ። «መልሺው እስቲ።»

መለስኩት። አክስቴ ተረጎመችው። «ብቻውን ነዋ» አሉ አባባ ወልዴ።

ሰብሳቢው በዚያው ነጋዴ መጋዘን ቡና መመዘን ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የመረጡት ፊደል ስለቆጠረ ነው።

«ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል» አለች አክስቴ።

«ክፉ ነው አላልኩም» አሉ አባባ ወልዴ። «ብቻውን ነው አልኩ።»

ደክሞኝ ነበር። ጣት ይዤ ልመለስ ብዬ ሁለት ቀን በጭቃ መጥቼ፣ አሁን ባዶ እጄን ልገባ ነው። ቡናው ደግሞ አይጠብቅም፤ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ቅላቱ ይታየኛል። ዕንባዬ ሊመጣ ሲል አባባ ወልዴ «አንቺ ትጽፊያለሽ ይላሉ» አሉኝ።

«እጽፋለሁ።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸው እየተናገሩ፣ አክስቴ እያስተካከለች፣ ጻፍኩ። ብር ለማውጣት ሦስት ሰው አብሮ ይፈርም። ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ ይህን የጨመሩት ከአጥር ውጭ የቆሙት እናቶች ናቸው። በመጋዘኑ የሚሠራ ሰው ከሦስቱ አይሁን። ሰነዱ ተስተካክሎ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብ። ይህ ከሆነ እናኖራለን።

ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው አባባ ወልዴ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ቃጫውን በጥርሳቸው ፈቱት። አውራ ጣታቸው ነጭና የተሸበሸበ ነበር፤ ጠዋት ያሰሩት አይመስልም። ቀለም አልነበረም። ጎደሬው የተቀቀለበትን ድስት ገልብጠው ጥላሸቱን በጣታቸው ዳሰሱና ደብተሬ ላይ አኖሩት። እንደ ድሮው፣ ጥሩ እንዲወጣ ጠበቅ አድርገው።

ከእሳቸው ቀጥሎ አቶ ከበደ ፈቱ። ከዚያ ሌሎች ሰባት ሰዎች። የቀሩት «ተነቦ ሲመለስ» ብለው እንደታሰሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንም አልተቆጣቸውም።

እሁድ፤ መልስ

በጠዋት ስንወጣ በአጥሩ በር ላይ ያለው አምፖል አልጠፋም ነበር፤ ፀሐይ ወጥቶ እሱም ይበራል። አክስቴን ቴፒ ተሰናብቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አሁንም ሠላሳ ብር። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ተኛሁ፤ ሸኮን አላየሁም።

አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ጣቱስ?» አለ።

ደብተሩን ሰጠሁት። ጥላሸቱን ሲያይ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ አነበበ። ከዚያ ሰነዱን ከፌስታሉ አውጥቶ እንደቆመ አንቀጽ ሰባትን ፈለገ። ሲያገኘው ተቀመጠ።

«አላነበብኩትም ነበር» አለኝ። «ሃያ ዓመት ልጆች ማንበብ አስተምሬ፣ የወንድሜን ጣት ሳላነብ ልኬ ላስመጣ ነበር። ግትር ነው እል የነበረው እኮ እሱን ነው።»

ሰኞ አባቴ ለሰብሳቢው ደወለለት። ሰብሳቢው ቅጹ ከሌላ ማኅበር እንዳለ የተገለበጠ ነው አለ። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ሦስት ሰው ይፈርማል የሚለውን ከነቀሩት ነጥቦች ጽፎ ልኳል፤ እኔም ዛሬ ሦስቱንም ገጽ፣ ሁለት ጊዜ፣ አንብቤዋለሁ። የፊታችን እሁድ መንደሩ ውስጥ ይነበባል፤ የተቀሩት ጣቶች የሚፈቱት ያን ቀን ነው፤ ወይ አይፈቱም።

እኔ ከዚህ ጉዞ ይዤ የመጣሁት ይህን ነው። እምቢ የሚል ሰው ሁሉ ያልገባው አይደለም። አንዳንዱ ከእኛ ቀድሞ ገብቶታል፤ የሚያነብለት ብቻ ነው ያጣው።

ስወጣ አባባ ወልዴ አንድ መልእክት ሰጥተውኛል። በየቤቱ ጣሪያ ሥር ተወትፎ ማንም ያላነበበው ወረቀት አለ፤ ደረሰኝ፣ የማዳበሪያ ውል፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። ቤቱ ሠላሳ ነው፤ አንባቢዋ እኔ አንድ ነኝ። «ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ» ብለዋል። ስለዚህ ይህን ግድግዳ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት መናኸሪያ እንገናኝ። ለደርሶ መልስ ስድሳ ብርና የሚታጠብ ጫማ ያዙ። ጎደሬ አለ፤ ከአጥሩ ወዲህ ከቀሩት ሁለት ቀፎዎችም ማር ይቆረጣል። እስክሪብቶ ግን አታምጡ ብለዋል፤ ዓይናችሁን ብቻ።

እስክሪብቶውን እኔ እይዛለሁ። ለእኔ ፈቅደዋል።