ጋሽ ከድር በእንሰት ቅጠል የሸፈነው ዱካ

በጃንሆይ ጊዜ፣ መኪና በግራ መንዳት ቀርቶ በቀኝ በሆነ ሰሞን ነው። ለመምህርነት ተመድቤ ከሆሳዕና ወደ ሺንሺቾ ስሄድ፣ ጋሽ ከድር በሚነዳው የጭነት መኪና ላይ፣ ከስንዴ ጆንያዎች መሃል እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። የነቃሁት በጩኸት ነው። ከፊት ለፊት ከመጣ የፈረስ ጋሪ ጋር ተጋጭተናል።

ስወርድ ጋሽ ከድር የባለጋሪውን የአቶ ሀንዲሶን የቆሰለ እግር በገዛ ሻሹ አስሮ ጨርሷል። ሌላ መኪና እንዳይደርብብን ከፊትና ከኋላ ቅርንጫፍ አስጥሏል፤ ፖሊስ የሚጠራ ሰውም ልኳል። አቶ ሀንዲሶ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ «ፈረሴ ደንብሮ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» እያሉ ይማጸናሉ።

ሰማዩ ሲጠቁር ጋሽ ከድር ከአጠገባችን ካለ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ለምኖ አመጣና የጎማውን ዱካ መሸፈን ጀመረ። በላዩም ድንጋይ ጫነበት። ዝናቡ ሲወርድ ሁላችንም ተጠለልን፤ እሱ ነፋስ የገለጠውን እየመለሰ እዚያው በሰበሰ። ሽማግሌውን የሚያስከስስበትን ማስረጃ ከዝናብ ማዳኑ መስሎኝ ተናደድኩ።

«ጋሽ ከድር፣ ሰውየው እኮ አምነዋል፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት።

«መምህር፣ ይልቅ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለኝ።

እያጉረመረምኩ ያዝኩለት። ፖሊሱ ሲደርስ ሁለታችንም ጭቃ በጭቃ ሆነናል። ጋሽ ከድር ቅጠሉን አንድ በአንድ አነሳ።

«ጌታዬ፣ እሳቸው ደንግጠው ነው» አለው። «ዱካዬን ይዩልኝ። ረስቼ በግራ ስነዳ ነው የገባሁባቸው።»