ዘሃራ ከልጇ እጅ ትሪውን የወሰደችበት ቀን

መጀመሪያ ሌላ ዘሃራ ናት አልኩ።

እዚህ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ ዘሃራ ሞልቷል። የደወለችልኝ ልጅ እያለቀሰች ስለነበር በደንብ አልሰማኋትም። «የትኛዋ?» አልኳት። «የሰሚራ እናት» ስትለኝ ዞር ብዬ አየሁ። ሰሚራ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦ እየበላች ነበር።

ትናንት እኮ አውርተናል! ማንሺያ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ደውላ «ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጎኛል፣ ዛሬ እዚሁ አድራለሁ። ፀጉሯን እንዳትሠሪያት፣ ጁምዓ ሲመጣ እኔ እሠራታለሁ» ነበር ያለችኝ። ጠዋት ወጥ ቤት ወድቃ አገኟት። ሐኪም ቤት አልደረሰችም።

ለማታውቋት፣ ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ግቢ የምንጋራ ጎረቤቴ። ባሏ ወደ ሊቢያ ከወጣ ወዲህ ድምፁ የለም። በጦርነቱ የሸሸው ሰው ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምር አሠሪዋ መዳም «ነይ፣ ቤቱን እናፅዳ» ብላ ጠራቻትና ልጇን ይዛ ከገዳሪፍ መጣች።

የዕረፍት ቀኗ ጁምዓ ብቻ ስለሆነ ነገሯ ሁሉ ወደ ጁምዓ ነበር። ሰሚራን ገበያ መውሰድ፣ ጁምዓ ሲመጣ። እንቅልፍ፣ ጁምዓ ሲመጣ። «ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ» ስላት እንኳ «አንቺ ደግሞ! መዳም ሥራ ስትሄድ ልጆቿን ማን ይያዝላት? ጁምዓ ሲመጣ፣ ኢንሻላህ» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፊት ሰሚራን ወደ ሥራ ይዛት ትሄድ ነበር። መዳም ፈቅዳለች፤ ድምፅዋ እስካልተሰማ ድረስ። ሰሚራም አታሰማም። ብትወድቅ እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ነው የምታለቅሰው። እኛ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» እያልን እናደንቃት ነበር።

አንድ ቀን እንግዳ መጣ። ዘሃራ የመዳምን ሕፃን እያጠበች ሳለ ሰሚራ ማንም ሳያዛት ውሃ ቀድታ፣ በትሪ ይዛ ሳሎን ገባች። ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሰጥታ አልወጣችም። አንገቷን ደፍታ፣ ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆመች። ቁርጥ እናቷን። እንግዶቹ ደስ አላቸው። መዳም ፀጉሯን ዳበስ አድርጋ «ሻጥራ! ጎበዝ! ይቺንስ እኔ አሳድጋታለሁ» አለች።

ዘሃራ ትሪውን ከልጇ እጅ ወስዳ ወጣች። ማታ ካላክላ ከሃፍላው፣ ከአውቶቡሱ እንደወረደች በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ቤቴ ገብታ ነው የተናገረችው።

«እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ችግር ነው። እሷ ግን እኔን እያየች ተማረችው። ሴትዮዋ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ተጣልቼ እወጣ ነበር። እየሳመች እኮ ነው የምትወስድብኝ።»

ከዚያ «አንቺ ተምረሻል። ቀን ቀን አንቺ ጋ ትዋልልኝ። ፊደልም ይሁን አሊፍ ባ፣ ያገኘሽውን አስተምሪያት። ብቻ ትጩህልኝ። ትረብሽ» አለችኝ።

ተመርቄ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነበርና ይዣት ዋልኩ፤ «ኻልቶ»፣ አክስቴ፣ ትለኝ ጀመር። ተሳካልን መሰለኝ፤ አሁን የሰፈሩ ራክሻ (ባጃጅ) ነጂ ሁሉ ይፈራታል። ፈጥኖ ያለፈ እንደሆነ «ቀስ በል! ዓይን የለህም?» እያለች ትከተለዋለች። ዘሃራ ይህን ስትሰማ «ወላሂ ልጄን ባለጌ አደረግሽብኝ» ትልና በሳቅ ትፈርሳለች።

ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርናት።

ከቀብር ስመለስ መዳም ደወለች። አለቀሰች። የእውነቷን ነው፣ አልዋሽም። ከዚያ «ሰሚራ የኛም ልጅ ናት። ነገ ጠዋት ሹፌሩን እልካለሁ፣ ልብሷን አዘጋጂ» አለች።

«ወሎ አያቷ አሉ። እስካገኛቸው እኔ ጋ ትቆይ» አልኳት።

እሷም በለሰለሰ ድምፅ «አንቺ ምኗ ነሽ?» አለችኝ። «ልጅቷ ወረቀት የላትም። ያንቺም የመኖሪያ ፈቃድ አልታደሰም አሉ። ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ነገሩን አታክብጂው።»

ማን ነገራት? ከዚያ ወዲህ የግቢው በር ኮሽ ባለ ቁጥር ተነስቼ አያለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ አበባ ደግሞ «ስጪያት ልጄ» ይሉኛል። «መብራት ያለበት ቤት ነው፣ ጠግባ ታድራለች። አንቺስ በሚመጣው ሳምንት ዐማራት ሰፈር ሥራ ልትጀምሪ አይደል? ማን ሊይዝልሽ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ያንን ሥራ ሳገኝ እዚሁ ገጽ ላይ ጮቤ ስረግጥ አይታችሁኛል። ልጅ ይዞ ሥራ እንዴት እንደሚዋል አላውቅም። መዳም እንኳ የቻለችው በዘሃራ ነው፤ ዘሃራ ደግሞ በእኔ። እኔስ በማን?

ካላክላ ያላችሁ እናቶች፣ በየተራ ብንይዛቸውስ? የእናንተንም ልጆች ማለቴ ነው። ከሚሴ አካባቢ ሰው ያላችሁም የዘሃራን እናት አፈላልጉልኝ፤ ስልካቸው አይሠራም። እባካችሁ ዛሬውኑ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ይህን እየጻፍኩ ቀና ስል ሰሚራ በሩ ጋ ቆማለች። ጫማዋን አድርጋለች። ልብሷን በፌስታል ይዛለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኻልቶ፣ መኪና ይመጣል አላለችም? በስልክ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ሹፌሩ መጠበቅ አይወድም።»

ስለ እናቷ ገና አልነገርኳትም። የምታውቅ ይመስለኛል። አንገቷን ደፍታ ነው የቆመችው።

ዘሃራ፣ እታለም። በአንቺው አፍ ልበል፣ አላህ በራህመቱ ይቀበልሽ። ፌስታሉን ተቀብያታለሁ። ጫማዋንም አውልቄላታለሁ። ነገ ምን ብዬ እንደምመልሳቸው አላውቅም፣ ድምፄም ይንቀጠቀጥ ይሆናል። መኪናው ሲመጣ ግን በሩ ላይ የሚያገኙት እኔን ነው።

ደህና ሁኚ። ልጅሽን አልሰጥም።