ልቤ እምቢ አለኝ

ከደምበጫ የወጣሁ ምሽት እማዬ ዳቦ ቆሎዬን ቋጥራ፣ ፊቴን ይዛ አገላብጣ ሳመችኝና «በይ ሂጂ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብላ ቶሎ ዞረች። ስታለቅስ እንዳላያት ነው። ጀርመን ወዳለው ባለቤቴ መሄዴ ነበር። የጮቄ ተራራን ብርድ የለመድኩ ሰው ምን ያሸንፈኛል ስል፣ ወይ ጉድ! የዚህ አገር ብርዱ ሰው ላይ ነው። ጎረቤት በሩን ዘግቶ ይኖራል፤ ምነው ጠፋሽ የሚል የለም።

ታመምኩ ደግሞ። ልቤ ደከመ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ በመጨረሻ ሐኪሞቹ የሞተ ሰው ልብ ተከሉልኝ። ለእማዬ ግን «ጠገኑልኝ» ብያት ቀረሁ። ጨው የሌለው ሾርባቸውን እየጠጣሁ፣ መድኃኒቴን እየዋጥኩ ዳንኩ። ደስታ የሚባል ነገር ግን ራቀኝ። ሰው ሞቶ እኔ ቁጭ ብዬ ሻይ መጠጣቴ ከነከነኝ።

የሆስፒታሉ የሥነ ልቦና ሐኪም ደግ ሴት ናት። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ይቀልሻል» አለችኝ።

«ልቤ እምቢ አለኝ» አልኳት።

መካከላችን የተቀመጠው አስተርጓሚ እዚሁ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነውና ቃል በቃል ገለበጠላት። ሴትዮዋ ክው አለች! ለካ እንደኔ ላለ በሽተኛ ልብ እምቢ አለ ማለት ሰውነት የተተከለውን ልብ አልቀበልም አለ፣ ሞት መጣ ማለት ነው። ወዲያው በተሽከርካሪ ወንበር አጣደፉኝ፤ ደም ቀዱ፣ በአንገቴ በኩል እስከ ልቤ ቀጭን ቱቦ ሰደዱ።

«ኧረ ተዉኝ! እሱማ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ!» ብል ማን ይስማኝ።

ዋናው ሐኪም ውጤቱን ይዞ መጣ። «ልብሽ ምንም አልሆነም። ታዲያ እምቢ ያለው የትኛው ነው?»

«የድሮው» አልኩት። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሳቄም ወደ ለቅሶ ዞረ።

በማግስቱ ለእማዬ ደወልኩላት። «እማዬ፣ የተጠገነ አይደለም። የሌላ ሰው ልብ ነው፤ የሞተ ሰው።»

ትጸየፈኛለች ብዬ ፈራሁ።

«ታዲያ ለቅሶ ደረስሽ?» አለችኝ።

«ቤታቸውን አላውቀውም እኮ። ሕጋቸው ነው፣ አይናገሩም።»

«ውይ ልጄ! ይህን ያህል ውለውልሽ? ስሙንስ? ለቄሱ እንድነግራቸው።»

«እሱንም አይናገሩም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም።»

ለማታውቀው ሰው ስታለቅስ ሰማኋት። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «ነፍሱን ይማር ልበል፣ ነፍሷን?» አለችኝ።