የመስታወት አምባዛዎቹና የቅሬው ሕግ

ከሚሴ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፤ የምጠራው «ወባው» እየተባልሁ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ ያቆረ ውሃ ማስደፋት ነበር። የተሰነጠቀ እንስራ ይሁን፣ አሮጌ ጎማ፣ የዶሮ ማጠጫ ጣሳ፣ የትንኝ ትል ካለበት ምሕረት የለኝም። ዝናቡ አባርቶ የጨፋ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ ቢንቢው እንደ ጉድ ይነሳል፤ ሰው በየቤቱ ይንዘፈዘፋል፤ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ እጮሃለሁ። መንገድ ላይ ብቅ ስል «ወባው መጣ!» ይባላል፤ ወዲያው በየጓሮው ባልዲ ሲደፋ ይሰማል። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሰው ግን ስመጣ ይደፋል፣ ሳልፍ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ነገሩን ወደ ቅሬ ወሰድሁት። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከመቅበርም አልፎ ይዳኛል፣ ያስታርቃል፣ ይቀጣል። ለምኜ፣ አስለምኜ ሕግ አስወጣሁ። በየጁምዓው ጠዋት ሦስት ሰው ጭልፋ ይዞ ጓሮ ለጓሮ ይዞራል፤ ትል ከተገኘ ጥፋተኛው በሚቀጥለው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቅሬው ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል። ሽማግሌዎቹ «ይሄስ ከባድ ነው፣ ሰው አታዋርድ» አሉኝ። «የሚያፍር ሰው ውሃ ይደፋል» ብዬ መለስሁ። እንዲህ ያለሁ ጥጋበኛ ነበርሁ።

ዓሣዎቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ሚሊኒየሙ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ቤቱን ዘግቶ ዐረብ አገር ሊሄድ ሲነሳ አኳሪየሙን የሚረከበው አጣና እኔ ላይ ጣለው። «የመስታወት አምባዛ ይባላሉ» አለኝ። ስድስት ናቸው። እኔ የማውቀው አምባዛ የቦርከና ወንዙን ነው፤ ጥቁር፣ ድልብ፣ ጭቃ ውስጥ የሚንደባለል። እነዚህ ግን ጣት የሚያህሉ ሆነው ሰውነታቸው ወዲያ ማዶ ያሳያል። አከርካሪያቸው፣ ጎድናቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሆድ ዕቃቸው ከጭንቅላታቸው ሥር ባለች አንዲት ብርማ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቋል። «እንዳትነጣጥላቸው፣ ብቻውን የቀረ በድንጋጤ ይሞታል። ምግባቸው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ወለል ላይ የወደቀ አያነሱም» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ውሃ በሞላ ፌስታል አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ጎኔ የተቀመጡ አዛውንት እስከ ሸዋ ሮቢት ታግሰው ታግሰው፣ «ልጄ፣ ከሚሴ ውሃ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። ዓሣዎቹ አልታዩዋቸውም።

እናቴም እንደዚያው ናት። አብራኝ ነው የምትኖረው። አኳሪየሙን ሳሎን ተክዬ፣ ፓምፑን ሰክቼ ስጠራት ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስጠግታ ብዙ ቆየችና «የታለ ዓሣው?» አለች። በጣቴ አሳየኋት።

«ያ ረቢ!» ብላ ወደ ኋላ አለች። «ሥጋቸውን ማን በላው?»

«አፈጣጠራቸው ነው፣ እማ።»

«አፈጣጠራቸውስ ይሁን። ሆዳቸው ግን ባዶ ነው፤ ይሄው ይታየኛል!»

ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሳይበላ አይወጣም፤ የበላም ቢሆን «በሞቴ» ተብሎ ይጨመርለታል። ግን የእንግዳ ሆድ አይታይም፤ «ጠገብሁ» ካለ ይታመናል። የነዚህ ረሃብ ለጎረቤት ሁሉ ወለል ብሎ የሚታይ ሆነ። አንዷ ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ገብታ «እንዴ እትዬ! አጥንታቸው ወጣኮ፤ አትሰጧቸውም እንዴ?» አለች። ያን ዕለት እናቴ እራቷን አልበላችም።

የአክስቴ ልጅ የሰጠኝን ደረቅ ምግብ ብበትንላቸው አሽትተው ዞር አሉ። እናቴ የማሽላ ቂጣ ፈረፈረችላቸው፤ እምቢ። ጭኮ በቅቤ አሽታ ጣለችላቸው፤ ውሃው ላይ ቅባት ተንሳፈፈ፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም በጆግ ውሃ እየቀዳች ከላይ ታንቆረቁርላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተኒ?» ትላቸዋለች፣ እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሞተ። ሲሞት ያ ሁሉ ብርጭቆ የመሰለ ገላ ነጭ ሆነ፣ የተቀቀለ እንቁላል መሰለ። «ሥጋ ያወጣው ከሞተ በኋላ ነው፣ ምስኪን» ብላ እናቴ አለቀሰች። እኔም ከፋኝ፤ ለዓሣው ይሁን ለሷ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እልልታ ሰማሁ። «በላ! በላ! ወላሂ ሲወርድ አየሁት!» እናቴ ጓሮ የረሳችውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ አኳሪየሙን ለመሙላት ብላ ጨልፋ ጨምራበታለች። ስጠጋ አምስቱም ጥግ ጥጉን ትተው መሐል ወጥተዋል፤ አንዲት የምትንፈራገጥ ነገር ያሳድዳሉ። የማውቃት ነገር ናት። የትንኝ እጭ። በኔ ቤት። በወባው ቤት!

መድፋት ነበረብኝ። ግን እናቴ ፊቷ በርቷል፤ ዓሣዎቹም ሆዳቸው ጠቁሮ፣ ጭራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ ፓምፑ ዞረው ተርታ ቆመዋል። «ለሰላት ሰፍ ይዘዋል፣ እያቸው!» ትላለች። አልደፋሁም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ «አታድርጉ» ብዬ ያስተማርሁትን አንድ ሳላስቀር አደረግሁት። ከጎተራው ጀርባ፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ሁለት በርሜል አስቀመጥሁ። ውሃው ቶሎ እንዲገማ እፍኝ ጭድና ትንሽ እበት ጨመርሁ። ሊበርሩ ሲደርሱ የምከድንበት ከአሮጌ አጎበር ቆረጥሁ፤ አጎበር የቆረጠ ሰው ላይ እንዴት እንደምጮህ ከሚሴ ያውቃል። ለራሴም ምክንያት አላጣሁለትም። የወባዋ እጭ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ተኝታ ነው የምትንሳፈፈው፤ የኔዎቹ ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት፣ የሚነክሱ እንጂ ወባ የማያመጡት ናቸው። በየቀኑ ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ተዘቅዝቀዋል፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ጁምዓ ሲደርስ ደግሞ ከሦስቱ ዟሪዎች አንዱ ሆኜ የሰው ጓሮ እበረብራለሁ። የኔን ቤት ማንም አያይም። «የሐኪም ቤት ምን ይታያል» ይላሉ፤ ሐኪም አለመሆኔን እያወቅሁ ዝም።

አንድ ሐሙስ የቅሬው ዳኛ መንገድ ላይ አገኙኝና «ነገ ካንተ ቤት እንጀምር፤ ለሰው ምሳሌ ይሆናል» አሉኝ። እሳቸው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአንድ ኩንታል ማሽላ አንዲት ጠጠር የሚለቅም ዐይን ነው ያላቸው። ጁምዓ ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁ፣ ሁለቱንም በርሜል ደፋሁ፣ በአሸዋ ፈትጌ ገለበጥሁ። እናቴ ወጥታ «ምን ነካህ? ቁርሳቸውን ነውኮ የደፋኸው!» አለች። «እማ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በይ» አልኋት። አንድ ጆግ ቀደም ብላ ማትረፏን፣ እሱንም እንዳለ ለዓሣዎቹ ማቅረቧን አላወቅሁም።

ዳኛውና አንድ ሌላ ሰው መጡ። ጓሮው ደረቅ፣ በርሜሉ ተገልብጧል። «ማሻአላህ፣ ቤት ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። ተገላገልሁ ስል እናቴ በር ላይ ቆመች። «ሳትቀመጡማ ወላሂ አትወጡም!»

ገቡ። ዳኛው የተቀመጡት ልክ አኳሪየሙ ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ባዶ ውሃ መስሏቸው ነበር፤ ቀጥሎ ጎንበስ አሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ። አምስቱም ሆዳቸው ጥቁር ብሎ እንደ ስልቻ ተነፍቷል። አንደኛው ጠግቦ መዋጥ አቅቶት የእጭ ጭራ ከአፉ ወጥቶ ይወራጫል።

«ወባው፣ ና እስቲ እየው» አሉ ዳኛው ረጋ ብለው። «ይሄ የሚወራጨው ምንድን ነው? መቼም ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም።»

ያኔ ከአፌ የወጣውን ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። «እናቴ ናት» አልሁ። «እኔ ምንም አላውቅም፤ ውሎዬ ሥራ ላይ ነው።»

እናቴ አንዴ አየችኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ርቧቸው ነበር» አለች።

ዳኛው ተጨነቁ። «እንግዲህ ሕግ ነው፤ ሕጉንም ያወጣኸው አንተ ነህ። እትዬ፣ የሚመጣው ጁምዓ…»

«እመጣለሁ» አለች።

በዚያ ሳምንት ብትሰድበኝ እንዴት በወደድሁ! በነጋታው የሙዝ ልጣጭ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣ፣ የሚያንዣብቡበትን ጥቃቅን ዝንቦች አፍና ይዛ ውሃው ላይ አራገፈቻቸው፤ ዓሣዎቹ ተሻምተው በሉ። «ይሄን ብልሃት ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ!» ብላት፣ «የሚንቀሳቀስ ነው ያልኸኝ እንጂ ቢንቢ ስጣቸው መች አልሁ?» አለች። ማታ ማታ እራት አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። «ሥራ እንዴት ዋለ?» ትላለች። «ደህና» እላለሁ። ትንሽ ትቆይና ትነሳለች። ሐሙስ ዕለት ነጭ ሻሿን አጥባ አሰጣችው። አፍሬ ነበር፣ በጣም አፍሬ ነበር፤ ግን ሰው ፊት መቆሙን ሳስበው «ነገ» እላለሁ። «ሴት ናት፣ ሽማግሌ ናት፣ ምን ይሏታል፣ ስቀው ይተዋታል» እያልሁ ራሴን አባብላለሁ።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እትዬ» አሉ።

እናቴ ተነሳች። ሻሿን አስተካከለች። እንደገና አስተካከለች። ውሃ ስጡኝ አለች፤ ሰጧት፣ ቢስሚላህ ብላ ሦስት ጊዜ እያረፈች ጠጣች። ከዚያ «ማሎ፣ ታገሱኝ፣ ጉልበቴ ነው» አለች። ጨፋ ሮቢት ገበያ በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሴት ናት፤ ጉልበቷን አሟት አያውቅም። ቀና ብላ ወደ ወንዶቹ በኩል አየች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

ተነሳሁ። «ተቀመጭ፣ እማ» አልሁ። «በርሜሉን ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ጭዱንም እበቱንም የጨመርሁ እኔ። አጎበር የቆረጥሁ እኔ። የሰው ጓሮ እየበረበርሁ የራሴን የደበቅሁ እኔ። ሲደርሱብኝ በእናቴ አላከክሁ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ጭዱ የጤፍ ነው የገብስ?»

«የጤፍ» አልሁ።

«እበቱስ የላም ነው የበሬ?»

ያኔ ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ዕንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «እንግዲህ ይሄ ሕግ ይጽና ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቁ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ጮኸች፤ «ይጽና እንጂ! ወባው ራሱ ከቆመ ማን ነው የማይቆም?» ጸና። እኔም ተቀመጥሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከፊት ከፊቴ ሄደች። በራችን ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቅር በይኝ፣ እማ» አልሁ።

ቁልፉን ከመቀነቷ እየፈታች፣ ሳታየኝ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቅህ ሰነበትሁ» አለችኝ።