የማይንኳኳው ልብስ

ኩመራ በመቱ ከተማ ወንዝ ውስጥ ጠልቆ እንጀራውን የሚበላ ብቸኛ ሰው ነው። የከተማው ውሃ የሚሳብበት ቱቦ አፍ በቅጠልና በደለል ሲደፈን እሱ ጠልቆ ይጠርጋል፤ እኛ ሻያችንን እንጠጣለን። ከሦስት ዓመት በፊት ዓሣ ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ ውሃ የማያስገባ የጠላቂ ልብሱን ሰጥቶት ሄደ፤ ከእግር ጣት እስከ አንገት አንድ ወጥ፣ አንገቱና አንጓው ላይ ቆንጣጭ ጎማ ያለው። ውሃ አያስገባም። ችግሩ፣ አያስወጣምም።

ኩመራ የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ነው፤ ስለ ማድረቅ የሚያውቀው ከቡና የተማረውን ነው። ቀይ ቡና ከነቅርፊቱ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ቅርፊቱ ሲደርቅ ፍሬውም ይደርቃል። ልብሱንም ዚፑን ዘግቶ ከቡናው ጎን አሰጣው፤ በየሰዓቱ አገላበጠው፤ ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ ሸፈነው። ላዩ እንደ ከበሮ ደረቀ። ውስጡ ግን የሦስት ዓመት ላብ ነው።

ሽታውን «የሞተ ፍየል» ብል ፍየሉን መስደብ ይሆንብኛል። የሰፈሩ ባጃጆች ተሳፋሪውን «የሚወርዱት ከሽታው በፊት ነው በኋላ?» ይሉ ነበር። ኩመራ ወደ ተስፋሚካኤል ሻይ ቤት ሲገባ ዝንቦቹ ተጸይፈው ይወጡ ነበር።

ባለፈው ክረምት ልብሱን ዝናብ እንዳይነካው ብሎ መኝታ ቤት ሰቀለው። ሚስቱ ገለኔ በማለዳ ጓዟን ጠቅልላ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት የሚያድረው እሱ ነው እኔ?»

«ደርቋል እኮ! ንኪው!»

«ቡና መድረቁ በምን ይታወቃል?»

«ሲነቀነቅ ይንኳኳል።»

«እስቲ ነቅንቀው!»

ነቀነቀው። እግሩ ውስጥ ቦጭ፣ ቦጭ አለ።

«ያ ዋቃዮ!» ብላ ፈጣሪዋን ጠርታ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ እህቷ ዓያንቱ ቤት ገባች።

ኩመራ ሁለት ሳምንት ከልብሱ ጋር ብቻውን ኖረ። ሽታው እንዲለቅ ጤና አዳም ጨመረበት፤ ጤና አዳሙም ሸተተ። ዚፑ እንዲንሸራተት ቅቤ ቀባው፤ ቅቤው ሻገተ። አንድ ቀን ሊለብስ እጁን ቢሰድ ለስላሳ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቅቤው የጠራት አይጥ እጅጌው ውስጥ አራት ወልዳለች። ይህንን ታሪክ ሻይ ቤት በቁርስ ሰዓት ነገረን፤ እግዜር ይይለት።

ልብሱን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ የዓያንቱ አጥር ጋ ቆመ።

«ገለኔ፣ ልጥለው ነው። ወደ ቤትሽ ነይ።»

ገለኔ ጓሮ ተቀምጣ የበግ ጨጓራ ታጥባለች። ቀና አላለችም።

«ጥለህ ምን ለብሰህ ልትጠልቅ? ያኔ ልብሱ ሳይኖር ራቁትህን ጠልቀህ በሳንባ ምች ሦስት ወር ያስታመመህ ማን ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጨጓራ ሳይገለበጥ ይታጠባል?»

ኩመራ ጨጓራውን አየ፤ ልብሱን አየ።

«አምጣው! አንተ ደግሞ ከነፋሱ ወዲያ ቁም።»

ዚፑን ከፍታ እጇን እስከ ትከሻዋ ሰደደች፤ ከልብሱ ጋር የተያያዘውን ካልሲ ይዛ ገለበጠችው። የወጣው እንደ አተላ የወፈረ፣ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነገር ነበር። የጎረቤት ውሻ አሸተተና ይቅርታ ጠይቁኝ በሚል ዓይን አያት። በሳሙና አጠበችው፤ ጥላ ስር እንደተገለበጠ ሰቀለችው፤ ውስጡ ሲደርቅ መልሳ ላዩን አናፈሰችው። ዚፑን ከያዮ በመጣ የማር ሰም አሸችው።

በሦስተኛው ቀን አንገቱ ውስጥ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች። ነቀነቀችው። ቦጭ የሚል ድምፅ የለም። ጓዟን አንስታ ኩመራ ትከሻ ላይ ጫነች።

«ሂድ፣ ምራኝ። እሱ ግን በረንዳ ያድራል።»

እስካሁን በረንዳ ያድራል። ሳይገለብጠው የገባ ቀን ኩመራም አብሮት ያድራል።