አሥራ ሁለተኛዋ ሳትጻፍ

ዜናው የደረሰኝ ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ የአንድ ሩቅ ወረዳ ባለሙያ ነበር። "እህቴ፣ ወንዙ ሞልቶ ወጥቷል። ዝርዝሩን ልኬልሻለሁ፤ ግን የዱሮ ነው። ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡት የሉበትም" አለኝ።

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ የአደጋ መከላከል ኮሚሽን ሠራተኛ ነኝ። ጎርፍ ወይም ድርቅ ሲመጣ ቀበሌው ሰው ይቆጥራል፤ ቁጥሩ በወረዳ፣ በዞን፣ በክልል አልፎ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እኛ ደግሞ ጤናውን፣ ውሃውን፣ እርሻውን፣ መንገዱን የያዙትን መሥሪያ ቤቶች ሰብስበን ማን ምን ይዞ እንደሚሄድ እንወስናለን። መኪናው የሚጫነው በዝርዝሩ ልክ ነው። ያልተጻፈ ሰው፣ ውሃው አንገቱ ላይ ቢደርስም፣ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ያልተመዘገቡ ሰዎች አሉ፣ እርዳታው በዚህ ዝርዝር ብቻ ከሄደ አይደርሳቸውም። አለቃዬ "አውጪው" አለኝ። አላወጣሁትም። ሪፖርቱ በማን እጅ ከቢሮ እንደሾለከ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ሬዲዮ ላይ ተነበበ። በሦስተኛው ቀን ቤቴል ካለው ቤቴ መጥተው ወሰዱኝ። ዳዊቴን ከቦርሳዬ አውጥተው አስቀሩት፤ ነጠላዬን ተዉልኝ።

የታሰርኩበት ግቢ እዚያው ኮልፌ ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ቀድሞ የዱቄት መጋዘን የነበረ። ግድግዳውን የነካ እጁ ላይ ነጭ ይቀርበታል። አንድ በር፣ ከጣራው ሥር አንድ ጠባብ መስኮት፣ አንድ ባልዲ። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጧት አለቃ፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ጨርቅ የምትነግድ ሴት ነበረች።

"በምን መጣሽ?" አለችኝ ገና ከበሩ።

"በጎርፍ።"

"ውይ! ጎርፍ ይዞሽ መጣ?" ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ኮሚሽነሯ" ሆኖ ቀረ።

በምዝገባ አሥራ አንድ ነበርን። አንድ ማለዳ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች አንዲት መምህርት አምጥተው "በአደራ ያዝልን" ብለው ለጣቢያው ተረኛ ሳጅን ሰጡት። በአደራ የገባ እስረኛ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ቤተሰብ ቢመጣ "የለችም" ይባላል። ጠዋትና ማታ ቆጠራው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል፤ እሷ ጥግ ላይ ቆማ ታየናለች። ስሟን እንዳትናገር አስጠንቅቀዋታል፤ ለእኛም አልነገረችንም። በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ ውጭ አንድ ወንድ ሲጠይቅ ተሰማ። ዘበኛው "እንደሱ የሚባል ሰው እዚህ የለም" አለው። መምህርቷ የሹራቧን እጅጌ በጥርሷ ያዘች። "ወንድሜ ነው" አለች በኋላ። "ሁሉም ጣቢያ ሄዶ ይሆናል። ሞታለች ብሎ ለእናቴ እንዳይነግራት ነው የምፈራው።"

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ። የኋላው ግድግዳ እርጥበት የደረሰበትን ቦታ በምስማር ቧጨርኩት። በማግስቱ እርጥበቱ ምልክቴን በአንድ ስንዝር አልፏል።

"ይሄ ግድግዳ አይቆይም" አልኳት ካቦዋን። "ፍራሾቹን ወደ በሩ እናምጣ። የሚጠጣውን ውሃ ከፍ አድርገን እንስቀል። እማማን ማን እንደሚደግፋቸው ዛሬውኑ እንወስን።"

"እዚህም ቢሮ ከፈትሽ? ማስጠንቀቂያውንስ ለማን ልትልኪው ነው፣ ለባልዲው?"

"ለአንቺ።"

ተነሥታ የራሷን ፍራሽ መጎተት ጀመረች። እማማ የምንላቸው ከሁላችንም በዕድሜ የገፉት ናቸው፤ ከዘራቸውን እንኳ አልነጠቋቸውም። "ኖኅም ሲሠራ ስቀውበታል" አሉ ለካቦዋ።

በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ውሃው ከኋላው ግድግዳ ሥር ቡናማ ሆኖ ገባ። ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ባት። በሩን በጫማችን ደበደብን። ሳጅኑ መዝገቡን በካፖርቱ ሸፍኖ መጣና ከፈተ።

ሕጉ ስሟ ያልተጠራ ከበሩ አታልፍም የሚል ነበር። እሱ በየተራ ይጠራል፣ እኛ በየተራ እንወጣለን። በመጀመሪያ እማማ ናቸው፤ ደጋፊዎቻቸው ተዘጋጅተው ስለነበር ማንም አልተደናቀፈም። የበረዶው ጩኸት ስሞቹን ይውጣቸው ነበር። የእኔ ስም መጨረሻ ላይ መጣ። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ነኝ። መምህርቷ ከኋላዬ ናት።

"እሷስ?"

"እሷ አደራ ናት። ያመጧት ሳይመጡ አላወጣትም። አንቺ ውጪ!"

"ሳጅን፣ አሥራ ሁለት ነን። እሷ ሳትጻፍ አልወጣም።"

"ትሰምጫለሽ እኮ!"

"እርስዎ እስክሪብቶ አለዎት።"

"እንጀራዬን ልትዘጊብኝ ነው? ልጆች አሉኝ!"

"ልጆችዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። ይጻፏት።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የእኔ ብርታት አልነበረም፤ ማን እንደያዘኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ካቦዋ ቀሚሷን ሰብስባ በሳጅኑ አጠገብ አልፋ ተመልሳ ገባች።

"አንቺ ወጥተሽ አልነበረም እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"ዕቃ ረስቼ ነው" አለችና አጠገቤ ቆመች።

ከዚያ ሌላዋ ገባች። ሌላዋም። ከደረቅ ቦታ እየተነሡ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ውሃው ተመለሱ። መጨረሻ ላይ እማማ በከዘራቸው ውሃውን እየለኩ መጡ።

"እርስዎ እንኳ ይቅሩ እንጂ!" አልናቸው።

"ብቻዬን እዚያ ቆሜ ማንን ልጠብቅ?" አሉን።

ሳጅኑ አሥራ ሁለታችንንም አየን። ግድግዳውን አየ። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ። ካቦዋ ዘላ ሄዳ ዝናብ እንዳይነካው ፌስታል ዘረጋችበት።

"ስም?"

መጀመሪያ የመምህርቷ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ጮክ በይ እንጂ! ክፍል ውስጥ እንዲህ ነው እንዴ የምታስተምሪው?" አለቻት ካቦዋ።

ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ከበረዶው በላይ ጮኻ ተናገረች። እስክሪብቶው እርጥቡን ወረቀት እየቧጨረ ጻፈው። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት። ተያይዘን ወጣን። አንድ አባታችን ሆይ ደግሜ ሳልጨርስ የኋላው ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ መምህርቷ በቆጠራ ጊዜ ትቆምበት በነበረው ጥግ ላይ።

ማንም አልተጎዳም። ውሃ ከፍ አድርገን ስለሰቀልን የምንጠጣው እንኳ አልጎደለንም። ወደ መኪና መጠለያው አዛወሩን። ማታ ቆጠራ ሲደርስ ሳጅኑ ፊቴን ሳያይ "ኮሚሽነር፣ አንቺ አስቆጥሪያቸው" አለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት እያሉ ሄዱ። "አሥራ ሁለት!" የሚለው ድምፅ ሲመጣ እልል ማለት አይፈቀድም ነበር፤ እማማ ግን አሉት።

በማግስቱ እነዚያ ሁለት ሰዎች መጡ። ሳጅኑ መዝገቡን ገልጦ አሳያቸው። የተጻፈን ሰው እንዳልነበረ ማድረግ ከባድ ነው። ቅዳሜ ወንድሟ ሲመጣ ዘበኛው "አለች" አለው። ያቺን አንዲት ቃል ከአጥሩ ወዲህ ሁላችንም ሰማናት። ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ተፈታች፤ ዛሬ ታስተምራለች። እኔም ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ወጣሁ።

አሁን የምኖረው ሩቅ ነው። ያለሁባት ከተማም ወንዝ አላት፤ ነዋሪው በየዓመቱ ጎርፍ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ይለማመዳል። ባለፈው ልምምድ ላይ የእኛን ፎቅ ሰዎች አስቆጥሪ ሲሉኝ፣ ወረቀቱን ከማየቴ በፊት በሮቹን ሁሉ አንኳኳሁ። እዚያም አንድ ያልተጻፉ ሽማግሌ አገኘሁ። ሳቅኩ፤ ተመስገን አልኩ።

አንድ ዕዳ ግን አለብኝ። በየጠዋቱ ጸሎቴ ላይ ሁላችንንም በስም አነሣለሁ። የአሥራ አንዳችንን አውቃለሁ፤ የእማማን አላውቅም። ስማቸው ሲጠራ በረዶው አላሰማኝም፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ጠይቄያቸው አላውቅም። ለሌላ ሰው ስም ስሟገት፣ ፍራሻቸው ከፍራሼ አጠገብ የነበረውን ሴት ሳልጽፍ ቀረሁ። ካቦዋን በስልክ ጠየቅኳት፤ እሷም "እማማ" ነው የምትላቸው። መምህርቷም እንዲሁ።

ያን ቀን እዚያ ውሃ ውስጥ የነበራችሁ፣ ወይም በር ላይ የቆማችሁ፣ ሳጅን ሆይ እርስዎም ቢሆኑ፦ የእማማን ስም የምታውቁ ላኩልኝ። ከነአባታቸው፣ የሚታወቅ ከሆነም ከነክርስትና ስማቸው። ቦታቸውን ባዶ አድርጌ ይዤላቸዋለሁ።